ስዋብ ስለት የለውም

የጉሮሮ ናሙና የሚወሰድበት ስዋብ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ሰው ሠራሽ ለስላሳ ክር አለው። ቶንሲሉንና የጉሮሮውን የኋላ ግድግዳ ጠረግ ያደርጋል፣ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፣ ትርፉ ዘንግ ይሰበራል፤ በቃ። ጥጥና እንጨት የፒሲአር ምርመራን ሊያውኩ ስለሚችሉ ለዚህ ሥራ አይመረጡም።

የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተገኘ ወዲህ፣ በተለይም በዚያው ዓመት ነሐሴ ማኅበረሰብ አቀፉ የምርመራ ዘመቻ ሲጀመር፣ ስዋብ አሞኝ ያላለው ሰው አፍ ውስጥ ሁሉ ገባ። ስሙም አብሮ ጠፋ።

ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ጎልማሳ እንትፍ ሲል ምራቁ ውስጥ ቀይ ክር የመሰለ ነገር አይቶ «እንጥሌን ቆረጡት!» ሲል ሰምቻለሁ። አልፈረድኩበትም። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ጉሮሮ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የእንጥል ቆራጩ ስለት ነው፤ እሱ ደግሞ እውነትም ያደማል፣ ሕፃን እስከ መግደልም ሊደርስ ይችላል። ስዋብ ግን ምን ስለት አለውና ይቆርጣል?

ደሙ የሚመጣው ከጉሮሮው ስስነት ነው። የውስጥ ሽፋኑ ስስ፣ ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮችም ለላዩ ቅርብ ናቸው። ጉሮሮ ሲቆጣ እነዚህ ሥሮች በደም ይሞላሉ፤ ሲነኩ በቀላሉ ይደማሉ። ለምርመራ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉሮሮው የተቆጣ ሰው ነው። አንዲት ጠብታ ምራቅ ውስጥ ስትበተን ብዙ ደም ትመስላለች። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ትቆማለች።

እባካችሁ አታባብሱት። ናሙና ሲወሰድ የባለሙያውን እጅ መያዝ፣ ወጥቶ ጉሮሮን እየጠረጉ ደጋግሞ መትፋት፣ «ያደርቀዋል» ብሎ አረቄ መጎንጨት ምን ይባላል? ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይበቃል። አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የምትወስዱ ደግሞ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ደሙ ከበዛ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ጊዜ አትስጡት፤ ወደ ሐኪም ሂዱ።

እኔን አብዝቶ የሚቆጨኝ ለቀናት የሚመላለስ ደም በስዋብ ሲሳበብ ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር ከወንዝና ከምንጭ ጎንበስ ብሎ የሚጠጣ ብዙ ነው። አልቅት ከውኃው ጋር ትገባና ጉሮሮ ላይ ትጣበቃለች፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ስለምትለቅ መድማቱ ይቀጥላል። ድምፅ ይጎረንናል፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰማል፤ ሕፃን ከሆነ በደም ማነስ ይገረጣል። ስለዚህ ደሙ በማግስቱም ካልቆመ፣ ለሐኪሙ ናሙና መስጠታችሁን ብቻ ሳይሆን የጠጣችሁበትንም ውኃ ንገሩት። አልቅት ከሆነች በመብራት አይቶ በመቆንጠጫ ያወጣታል።