የርቢ በግ በአጥቢያ፦ ከቁይ ዙሪያ የተገኘ ልምድ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በደባይ ጥላትግን ወረዳ፣ በቁይ ከተማ ዙሪያ በሚገኙ አጥቢያዎች ስንዘዋወር ከሰበካ ጉባኤያት ዘወትር የሚቀርብልን ጥያቄ፣ መሬት የሌለው ምእመን በምን ይደገፍ የሚል ነው። በክልሉ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ባለትዳሮች ሆነዋል፤ ብዙዎቹም ከወላጆቻቸው ማሳ ጥቂት ተካፍለው ወይም የሰው መሬት በእኩል እያረሱ ይኖራሉ። መሬት ያላቸው መበለቶችም በሬና ጉልበት ስለሚያጡ ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ይሰጣሉ። እህል ብንሰፍርላቸው ለአንድ ክረምት ነው። ስለዚህ በግ እንዲያገኙ እንመክራለን፤ በስጦታ ሳይሆን በርቢ።

ርቢን ለጎጃም ገበሬ ማስተማር አያሻም። ባለሀብቱ እንስሳውን ይሰጣል፣ አርቢው ይጠብቃል፣ ውላጁን ይካፈላሉ። በአጥቢያ ሲሆን የባለሀብቱ ድርሻ ወደ ሌላ ችግረኛ ቤት ይሄዳል። አንድ ቤተሰብ ሁለት እናት በጎች ተረክቦ፣ መጀመሪያ የሚወለዱትን ሁለት ሴት ግልገሎች ጡት ሲጥሉ ለተረኛው ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ እናቶቹ የራሱ ናቸው። በግ የምታረግዘው አምስት ወር ያህል ቢሆንም ወንድ ግልገል ሊቀድም ስለሚችል፣ ተረኛው ከዓመት በላይ ሊጠብቅ እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

በዚህ ሥራ እኛም ተሳስተናል። በአንድ አጥቢያ በጎቹን ያከፋፈልነው በሰኔ ነበር። ዋልካ መሬት በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ በጎቹም በረግረጉ ዳር ሲግጡ ከርመው የጉበት ትል ያዛቸው። ይህ ትል በረግረግ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በሣር ላይ ስለሚጣበቅ ዓይን አይለየውም፤ ጉዳቱም የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። በታኅሣሥና በጥር ከመንጋጋቸው በታች እያበጡ ብዙዎቹ ሞቱ። አንዲት መበለት የሞቱባቸውን በጎች እንደ ዕዳ ቆጥረው፣ አፍረው ከሰንበቴ ቀሩ። ከበጎቹ ሞት ይልቅ የቆረቆረን ይህ ነው፤ ልንረዳቸው ሄደን ከማኅበራቸው ለየናቸው።

ከዚያ ወዲህ በጎች የሚገዙት በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። በ55ቱ ቀናት ምእመናን ሥጋ ስለማይበሉ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ ሲቃረብ ግን ዋጋው ይንራል። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከክረምት በፊትና በኋላ የትል መድኃኒት ይሰጣል። የጤፍ ጭድ ብቻውን በግ አያወፍርምና የሽምብራና የባቄላ ገለባ፣ ከተገኘም አተላ ይጨመርበታል። በግ በበሽታ ከሞተ አርቢው ቆዳውን ለኮሚቴው አሳይቶ ከዕዳ ነጻ ይሆናል፤ ይህም ከርክክቡ በፊት በሰንበቴው ፊት ይነበባል።

የመጀመሪያው ተረካቢ ማን ይሁን የሚለው ከሁሉም በላይ ያከራክራል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት፣ መበለቶች በዕለት ማዕድ ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም ስለተነሣ ነው። ስለዚህ የኮሚቴ አባላትና የቅርብ ዘመዶቻቸው በመጀመሪያው ዙር እንዳይገቡ፣ የተመረጡት ስምም ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት እንዲነበብ እንጠይቃለን። ቅሬታ ያለው ሰው በዚያው ይናገር። ዝርዝራቸውን ያጠናቀቁ አጥቢያዎች ጾሙ ሳይገባ ለወረዳው ቤተ ክህነት ያቅርቡ።