ሲልቪያ ፓንክረስት የት ይቁሙ?

ለንደን ውስጥ፣ ከእንግሊዝ ፓርላማ ሕንፃ አጠገብ ባለው የአትክልት ሥፍራ፣ የኤመሊን ፓንክረስት ሐውልት ቆሟል። የሴቶች የመምረጥ መብት ትግል መሪዋ ኤመሊን እ.ኤ.አ. በ1928 አረፉ፤ ሐውልታቸው በ1930 ተመረቀ። በ1959 የትልቋ ልጃቸው የክሪስታቤል ምስል ታከለበት። ከዚሁ ጋር ለትግሉ ሲሉ ለታሰሩ ሴቶች ይሰጥ የነበረው የደረት ዓርማ በነሐስ ተቀረጸ። ዓርማውን የነደፉት በሥዕል የሠለጠኑት ሁለተኛዋ ልጅ ሲልቪያ ናቸው። ዓርማው ሲገባ ባለቤቷ ውጭ ቀሩ።

ምክንያቱ የቤተሰብ ጠብ ብቻ አይመስለኝም። እናትና ታላቅ እህት ትግሉን ወደ ባለፀጋ ወይዛዝርት ሲያስጠጉት ሲልቪያ ወደ ምሥራቅ ለንደን ወረዱ፤ ከፋብሪካ ሠራተኞችና ከወደብ ቀን ሠራተኞች ሚስቶች ጋር ተደራጁ። በ1914 እናታቸውና እህታቸው ከሚመሩት የትግሉ ማኅበር አስወጧቸው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ወንዶቹ ሲዘምቱ የሴቶቹ ቤት ጦሙን አደረ። ሲልቪያ ምግብ በዋጋው ብቻ የሚሸጥባቸው ቤቶች ከፈቱ። የአሻንጉሊት ፋብሪካ አቋቁመው ለሴቶቹ በአካባቢው ለወንድ ይከፈል ከነበረው ዝቅተኛ ደመወዝ ጋር እኩል ከፈሉ። «የጠመንጃ ሠሪዎች» የሚል ስም የነበረውን አንድ መጠጥ ቤት ተከራይተው የሕፃናት ማቆያ አደረጉትና «የእናቶች ክንድ» አሉት። እንግሊዝ በ1918 የመምረጥ መብት የሰጠችው ዕድሜያቸው ከ30 በላይ ለሆነና ንብረት ነክ መስፈርት ለሚያሟሉ ሴቶች ነበር። የሲልቪያ የፋብሪካ ሴቶች አብዛኞቹ እስከ 1928 ድረስ ከበር ውጭ ነበሩ።

እኛ ሲልቪያን የምናውቃቸው በሌላ በኩል ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936 ነው። ሲልቪያ የተወለዱትም በ1882 በዚያው ዕለት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1941 አዲስ አበባ ተመልሰው የገቡትም በዚያው ዕለት። ከወረራው ጋር አብሮ የተጀመረው ጋዜጣቸው «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» 20 ዓመት ታተመ። የመርዝ ጋዙን፣ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ፣ የእንግሊዝ መንግሥትን አለሳልሶ ማለፍ እየዘረዘረ በየሳምንቱ ወጣ። ለኃይለ ሥላሴ የቆምኩት ንጉሥ ስለሆኑ አይደለም፣ ጉዳያቸው ትክክል ስለሆነ ነው ብለው ለራሳቸው ለንጉሡ ነግረዋቸዋል። ከነጻነት በኋላ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ ሲያሰባስቡ ኖሩ። በ1948 ዓ.ም. በ74 ዓመታቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ያረፉት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። ሃይማኖት የለኝም ይሉ የነበሩት ሴት ወለተ ክርስቶስ ተብለው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ፣ ለአርበኞች በተከለለው ሥፍራ ተቀበሩ። አዲስ አበባ ላይ በስማቸው መንገድ ተሰይሟል።

ከተማችንን ድሬዳዋን የሚመለከተው ግን ብዙ ጊዜ የማይነሳው ምዕራፍ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዝ በቀላሉ አልወጣችም። ጥር 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ኦጋዴን፣ ሐውድና የጅቡቲ ባቡር መስመር በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቀሩ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደርሶ የቆረቆራት፣ በሐዲዱ የምትተነፍሰው ድሬዳዋ ነጻ በወጣችው አገር ውስጥ ሆና የባቡሯ አለቃ የውጭ ጦር ነበር። መስመሩ የተለቀቀው በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. ስምምነት ነው። ኦጋዴን እስከ 1948፣ ሐውድ ደግሞ እስከ 1955 እ.ኤ.አ. ቆየ። ሲልቪያ በዚህ ጉዳይ የገዛ መንግሥታቸውን አላሳለፉትም። እ.ኤ.አ. በ1946 «የእንግሊዝ ፖሊሲ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፤ ኦጋዴንና የተከለለው አካባቢ» የሚል በራሪ መጽሐፍ አሳተሙ። አገሬ የሰው አገር ይዛለች ብሎ በአገሩ ቋንቋ፣ እዚያው በአገሩ ማተም ዛሬም ለብዙ ጸሐፊ የማይቀል ነገር ነው።

ታዲያ የሲልቪያን ሐውልት ለማቆም እንግሊዝ ስንት ጊዜ ፈጀባት? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አራት የሠራተኛ ማኅበር ሴቶች ኮሚቴ አቋቁመው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። በኋላ በፓርላማው አደባባይ የቆመውን የኔልሰን ማንዴላን ሐውልት የሠራው ቀራፂ ኢያን ዋልተርስ የሲልቪያንም ንድፍ ሠራ። ኮሚቴው የመረጠው ሥፍራ ከፓርላማው ፊት ለፊት ያለው መስክ ነበር፤ የጌቶች ምክር ቤት አልፈቀደም። ዋልተርስ በ2006 ሞተ። ሐሳቡ ከፓርላማው ርቆ የማርክስ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ወደሚገኝበት ወደ ክላርከንዌል ግሪን ዞረ። ክርክሩ ከ20 ዓመት በላይ ወሰደ። በዚህ መሀል በ2018 በፓርላማው አደባባይ ለመምረጥ መብት ታጋይዋ ለሚሊሰንት ፎሴት የመጀመሪያው የሴት ሐውልት ቆመ፤ ሲልቪያ በመቀመጫው ዙሪያ ከተደረደሩት 59 ትንንሽ ምስሎች አንዷ ሆኑ። ያንን ሐውልት ያስነሳው በአንዲት ሴት የተጀመረ የፊርማ ማሰባሰብ ነው። በዚያው ዓመት ማንቸስተርም የኤመሊንን ሐውልት ሕዝብ መርጦ አቆመች። ሐውልት በመንግሥት ደግነት የሚበቅል የሚመስለው ሰው እነዚህን ሁለቱን ቢያይ መልካም ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ከሲልቪያ በፊት ሊጠሩ የሚገባቸው ሰው አሉ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በጣሊያን ጊዜ ከጥቁር አንበሶች ጋር ተሰልፈው ተይዘው ወደ ኢጣሊያ የተጋዙ፣ ኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሆኑ ደራሲና አስተማሪ። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 ለሞላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ለሴቱም ለወንዱም፣ የመምረጥ መብት ሲሰጥ እ.ኤ.አ. በ1957ቱ የመጀመሪያ ምርጫ ተወዳድረው ከአዲስ አበባ ተመረጡ፤ በፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት። ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ያስተማራቸው ስዊዘርላንድ ለሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ የመምረጥ መብት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1971፣ ስንዱ ፓርላማ ከገቡ 14 ዓመት በኋላ ነው። ይህን የሚያህል ታሪክ ላላቸው ሴት በአደባባይ የቆመ ሐውልት አላየሁም።

ሐውልቶቻችን ስለ ሴት ሲናገሩ አብዛኛውን ጊዜ ስም አይጠሩም። በየካቲት 12 አደባባይ ላይ የሚታዩት ሴቶች ሰማዕታት ናቸው፤ በስማቸው የሚታወቁት የፈረስ ላይ ወንዶች ናቸው። ባዕድ ለማክበርም አልሰነፍንም። ካርል ማርክስ ስድስት ኪሎ ቆሟል፤ ክዋሜ ንክሩማ በአፍሪካ ኅብረት ደጅ በ2012 እ.ኤ.አ. ቆመ። ሌኒን ደግሞ እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቆሞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ሲልቪያን ከፓርላማ ምርጫ ራቁ በሚለው አቋማቸው በመጽሐፉ የነቀፈው ያው ሌኒን። ማለት የምፈልገው ባዕድ ናት የሚል ክርክር ከመጣ ይህ ሁሉ ስለ ቆመ አያዋጣም ነው።

አስቸጋሪው ክርክር ሌላ ነው። ሐውልት እዚህ አገር ይፈርሳል። ሐረር መሀል የነበረው የራስ መኮንን የፈረስ ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሁከት ጊዜ ፈርሷል፤ ድሬዳዋም ብዙ ብሔር፣ ብዙ ቋንቋ ያላት ከተማ ናት። እዚህ ማንኛውም ምስል የማን ወገን ነው ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ ከፍ ያለ አጥር ወይም ዘበኛ መቅጠር አይመስለኝም። ባለቤት የሚሆኑት ሰዎች ራሳቸው ያቆሙት ነገር ቶሎ አይነካም፤ የለንደኑን ኮሚቴ የጀመሩትም የሠራተኛ ማኅበር ሴቶች ራሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ቦታው። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ መልካ ጀብዱ አካባቢ ነው፤ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠናም እዚያው ተመርቋል። በአገራችን የኢንዱስትሪ ፓርኮች ከሚቀጠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተጋርተው፣ የትራንስፖርት፣ የምግብና የኪራይ ሒሳብ በየወሩ የሚያስተካክሉ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ለወላድ በድምሩ 120 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋምም ደንግጓል። የሲልቪያ ምሥራቅ ለንደን ከ100 ዓመት በፊት ይጠይቅ የነበረው ይህንኑ ነበር፤ ሕፃኑን ማን ይይዛል፣ ለእኩል ሥራ እኩል ይከፈላል ወይ፣ ድምፃችን የት ይደርሳል። ሲልቪያ ቤተ መንግሥት ደጅ ቢቆሙ እንግዳ ይሆናሉ። የፈረቃ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ባጃጅና አውቶቡስ በሚጠበቅበት በር፣ አይሆኑም።

ሐሳቡን እኔ በቀጥታ ላቅርበው። ሁለት ሰዎች፣ ስንዱ ገብሩና ሲልቪያ ፓንክረስት፣ በሰው ቁመት፣ በመሬት ላይ፣ ጎን ለጎን ይቁሙ። ከፍ ያለ መድረክ አያስፈልጋቸውም። የከተማዋ በጀት ለጎርፍ መከላከያውና ለውኃው ይዋል፤ ለሐውልቱ መዋጮው ከሠራተኛ ማኅበራት፣ ከነጋዴዎች፣ ከውጭ አገር የድሬ ልጆች ይሰብሰብ። ስማቸው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይጻፍ። ከሐውልቱ ጋር የሚመረቅ የሕፃናት ማቆያ ከሌለ ግን ምረቃው ይቆይ፤ «የእናቶች ክንድ»ን የከፈቱት ሴትም እንደዚያ ይፈልጉ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

የድሬዳዋ አስተዳደር ምክር ቤት፣ የፓርኩ ማኔጅመንትና በፓርኩ ውስጥ ያላችሁ የሠራተኛ ማኅበራት፣ ጉዳዩን አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙት። ሴቶቹ ሠራተኞች ሐውልት አንፈልግም ካሉ ደግሞ ሐሳቡ ይቅር፤ ይህንንም ቢሆን በድምፃቸው ይወስኑ።