በውሃ ላይ ቀዘፋ ለሚጀምር ሰው የትኛው ጀልባ ይስማማዋል?

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ሳምንቱን ሙሉ ከጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ መዝገብ ሲያገላብጥና ደብዳቤ ሲያረቅ የሚሰነብት ሠራተኛ፣ ቅዳሜ በደረሰ ጊዜ ጀርባውና ትከሻው እንደ እንጨት ደርቆ ያገኘዋል። አቅም ያለው ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ይወርድና በሐይቁ ዳር ተቀምጦ ዓሣውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል። ይሁን እንጂ በአንዳንድ የመዝናኛ ሥፍራዎች በሰዓት የሚከራዩ ትንንሽ ጀልባዎች ስላሉ፣ ከዳር ሆኖ መመልከት ያልበቃው ሰው እኔም ልሞክር ማለቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ በወደቡ ላይ ከተደረደሩት መካከል የትኛውን ይያዝ? ብዙ ሰው የሚመርጠው ቀለሙ ያማረውን ወይም ቅርጹ የፈጠነውን ነው። ይህ ግን አደገኛ አመራረጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በ2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከእኛ ከከተማ ነዋሪዎች ደግሞ ዋና የሚችለው እጅግ ጥቂቱ ነው።

ቀዘፋ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ሰውንና ማገዶን፣ ከገዳም ወደ ገዳምም ቀሳውስትን ሲያመላልስ የኖረ ነው፤ በአሠራሩም ወይጦዎች የታወቁ ናቸው። በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር በተነሣ ጊዜ፣ «ራ» ለተባለችው ጀልባው ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። ጀልባይቱ ብዙ ከተጓዘች በኋላ ስለ ፈራረሰች ከመድረሻዋ ሳትደርስ ቀረች፤ በተከታዩ ዓመት ግን «ራ ሁለት» ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገብታለች። ስለዚህ ታንኳችን የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ባለቤቶቹም ወደ ዳር እያወጡ ስለሚያደርቁት፣ ቀዛፊውም ሚዛኑን በልምድ ስለሚጠብቅ፣ ለጀማሪ መማሪያ እንዲሆን አልመክርም። ለመሳፈርና ለማየት ከሆነ ግን ከባለሙያው ጋር መሄድ ደስ የሚያሰኝ ነው።

አሁን ወደ ሌሎቹ እንምጣ። በአማርኛችን ሁሉንም «መቅዘፍ» እንላለን እንጂ በአሠራር ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በአንደኛው ዓይነት መቅዘፊያው ከጀልባው ጎን ጋር ተያይዞ፣ ቀዛፊው ጀርባውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አዙሮ ይጎትታል። ይህ ለጡንቻ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ጀማሪው ግን የሚሄድበትን አያይም። የእሽቅድምድም ጀልባው ደግሞ ከጠባብነቱ የተነሣ መቅዘፊያዎቹን የለቀቀ ሰው ወዲያው ይገለበጣል። እንግዲህ ይህኛው አስተማሪ ላለው ሰው ይቆየን።

በሁለተኛው ዓይነት መቅዘፊያው ከጀልባው ጋር ሳይያያዝ በእጅ ብቻ ይያዛል፤ ቀዛፊውም ፊት ለፊት ይመለከታል። ከዚህ ወገን ካኑ የተባለው ከሰሜን አሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች የመጣ ነው። አንዳንዶቹ ነገዶች ከበርች ዛፍ ልጣጭ ይሠሩት ነበር። ላዩ ክፍት ሲሆን፣ መቅዘፊያው አንድ መዳፍ ብቻ አለው። ካያክ ደግሞ በግሪንላንድና በአካባቢው የሚኖሩ የኢኑዊት ሕዝቦች በአቆስጣ ቆዳ ለብጠው ለአደን የሠሩት ነው፤ መቅዘፊያውም በሁለቱም ጫፍ መዳፍ አለው። ጆን ማክግሬጎር የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1865 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የካያክን አምሳያ አሠርቶ በአውሮፓ ወንዞች ላይ ከተጓዘ በኋላ ነገሩ ወደ ስፖርትነት ተለወጠ፤ በ1936 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በበርሊን የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ።

ከእነዚህ ሌላ በሰሌዳ ላይ ቆሞ በረዥም መቅዘፊያ መቅዘፍ አለ፤ የመጣው ከሐዋይ ነው፤ በዓለም ላይ የተስፋፋውም ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ በረጋ ውሃ ላይም በእርግጥ ቀላል ነው። ነገር ግን የቆመ ሰው ለነፋስ እንደ ሸራ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ከቀትር በኋላ ነፋስ መነሣቱን የሚያውቅ ሰው፣ ጀማሪው ከመሀል ሐይቅ እንዴት እንደሚመለስ ሊያስብ ይገባዋል። በሰሌዳ ላይ የወጣ ሰው ነፋስ ቢነሣበት ተንበርክኮ ይቅዘፍ፤ ከእግሩ ጋር የታሰረውን ገመድም አይፍታ።

በጎማ ጀልባ ወንዝ መውረድ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው። በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዛዊው መኮንን በጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት ዓባይን የወረደው ጓድ፣ የሠለጠኑ ወታደሮች እያሉበት ከአባሎቹ አንዱን በወንዝ ውሃ ተነጥቋል። የወንዝ ፍጥነትና አስቸጋሪነት በዓለም አቀፍ ደረጃ ከአንድ እስከ ስድስት ይመደባል። ለጀማሪ ከሁለተኛው ደረጃ ማለፍ፣ ያውም ያለ መሪ፣ ድፍረት ሳይሆን ግዴለሽነት ነው።

እንግዲህ ምርጫው በካኑና በካያክ መካከል ይሆናል። አንድ ሕግ ብናውቅ ይጠቅመናል፤ ሰፊ ጀልባ ይረጋል ነገር ግን ይዘገያል፤ ረዥምና ጠባብ ጀልባ ይፈጥናል ነገር ግን ይናወጣል። ለአንድ ሰው የሚሆነው የውድድር ካያክ 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም፣ ክብደቱ ግን 12 ኪሎ ግራም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በእርሱ ላይ የተቀመጠ ጀማሪ ከመቅዘፉ በፊት ውሃ ውስጥ ይገኛል። ወገብ ድረስ ገብተው የሚቀመጡበት ዝግ ካያክም ሲገለበጥ ከሥሩ መውጣት ልምምድ ይጠይቃል። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ላዩ የተደፈነውን፣ ስፋቱ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነውንና ሰው ከላዩ ላይ የሚቀመጥበትን ካያክ ነው። ቢገለበጥ ሰውን አያፍንም፤ አካሉ ድፍን ስለ ሆነ ውሃ አይሞላም፤ አይሰጥምም። ባልና ሚስት ወይም ሁለት ጓደኛሞች አብረው መውጣት የፈለጉ እንደ ሆነ ደግሞ ሰፊ ካኑ ይስማማቸዋል። አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሲቀዝፉ ጀልባው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ብቻውን ካኑ የያዘ ጀማሪ ግን በአንድ ወገን ስለሚቀዝፍ እየዞረ ይቸገራል። (ሁለት ሆነው ሲወጡ ትእዛዝ ሰጪው አንድ ይሁን፤ የሚሻለውም የኋለኛው ነው፤ ምክንያቱም ጀልባውን የሚመራ እርሱ ነው።)

የሥፍራው ምርጫ ከጀልባው አያንስም። የላንጋኖ ውሃ ቀለሙ የደፈረሰ ቢሆንም ቢልሃርዝያ የሌለበት በመባል የታወቀ ነው። በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጣና ዳርቻዎች ግን በሽታው አለ፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና በቆዳ በኩል ስለሚገባ፣ ሣር በበዛበት ጥግ እግርን ነክሮ መቆም አይገባም። ከዚያ ውሃ የገባ ሰው ከሳምንታት በኋላ ተመርምሮ ቢገኝበት በኪኒን ይድናል። በሐዋሳ፣ በዝዋይና ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፤ ጫሞ ደግሞ በአዞው የታወቀ ስለ ሆነ ለመማሪያ የሚታሰብ አይደለም። የቢሾፍቱ ባቦጋያ ከአዲስ አበባ ቅርብና ከጉማሬ የጸዳ ነው፤ ነገር ግን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለ ሆነ ከዳር ትንሽ እንደ ራቁ ጥልቀቱ በድንገት ይጨምራል።

በየትኛውም ሥፍራ ቢሆን የመንሳፈፊያ ሰደርያው ከመሳፈር በፊት ተለብሶ በደንብ ይታሰር። ሰደርያውን ከመቀመጫው ሥር አስቀምጠው የሚወጡ ብዙ ናቸው፤ ከተገለበጡ በኋላ በውሃ ውስጥ መልበስ ግን ለዋናተኛም ያስቸግራል። አከራዩ ሰደርያ የለኝም ያለ እንደ ሆነ ገንዘቡን ይዞ መመለስ ነው።

ጠዋት በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ ይወጣል። ሲወጡ ነፋሱን በፊት ተቀብሎ መሄድ ይሻላል፤ በደከሙ ጊዜ ነፋሱ ከኋላ እየገፋ ወደ ዳር ይመልሳልና። ጀማሪ ሁሉ የሚያጠፋው በክንዱ ብቻ መጎተቱ ነው፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ትከሻው ይዝላል። መዳፉን በእግሩ አጠገብ ነክሮ፣ ወገቡንና ደረቱን እያዞረ ወደ ዳሌው ቢስበው፣ ኃይሉ ከጀርባ ትልልቅ ጡንቻዎች ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ይበቃል።

ከመራቅ በፊት ግን ውሃው ደረት በሚደርስበት ሥፍራ፣ አንድ ሰው አጠገብ ቆሞ፣ ካያኩን ሆን ብሎ መገልበጥ ያስፈልጋል። ቀዛፊው ከወደቀ በኋላ ጀልባውን ፈጽሞ አይለቅም፤ መልሶ ያቀናዋል፤ ከዚያም ከጎኑ ሆኖ ማዶውን ጠርዝ በእጁ ይይዝና እግሩን ከኋላ እየመታ ሆዱን በጀልባው ላይ ያንሸራትታል፤ ቀጥሎ ተገልብጦ በመቀመጫው ይቀመጣል፤ እግሩንም የሚያስገባው በመጨረሻ ነው። ሦስት ጊዜ ያለ ረዳት መሳፈር የቻለ ሰው ዳር ዳሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ያልቻለ ግን ያን ቀን ከዚያው ከደረት ውሃ አይለፍ።