ይህ ባለጆሮ ኮፍያ የማን ነው?

ወደ ብርድ አገር ለመሄድ ፕሮሰስ ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ ናይሮቢ ጊኮምባ ገበያ ሰልቫጅ ስታገላብጡ ጆሮ የሚሸፍን ፀጉራም ኮፍያ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። እኔ መጀመሪያ የማየው ግንባሩን ነው። ቀይ ኮከብ ላይ ማጭድና መዶሻ ካለበት የሶቭየት ጦር «ኡሻንካ» ነው፤ ስሙ በሩሲያኛ «ጆሮ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ጦሩ ይህን ኮፍያ የያዘው በ1940 እ.ኤ.አ.፣ የፊንላንድ ብርድ በጦርነት ከፈተነው በኋላ ነው። መዶሻና ኮምፓስ ካለበት ደግሞ የምሥራቅ ጀርመን ነው። ምልክቱ ተነቅሎ ከሆነ ገበሩን ገልብጡት፤ በሶቭየቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዓመቱና የራስ ልኩ በማህተም ተመትቶ ይገኛል።

ይሄን ማወቁ ምን ያደርጋል? ኮፍያው ይሞቃል፣ ምልክቱ ግን ጣጣ አለው። ለምሳሌ ሊትዌኒያ የሶቭየትን ምልክት በአደባባይ ማሳየትን በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላለች። ስለዚህ ኮፍያውን ያዙት፣ ኮከቡን ግን ነቅላችሁ ሂዱ።