ዌብሳይት መሥራት ለመጀመር ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የምትጽፉልኝ ጀማሪዎች ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ «አዲስ አበባ የት ልማር?» ለጊዜው የታክሲ ሰልፉን ተዉት።

ኖትፓድ ላይ ኤችቲኤምኤል ጻፉ፣ ሴቭ አድርጉ፣ በክሮም ክፈቱት። ዳታ አይቆጥርም። ርዕሱንና አንቀጹን የሚለየው ኤችቲኤምኤል ነው፤ ቀለሙና አቀማመጡ የሲኤስኤስ ሥራ ነው። ጃቫስክሪፕት ይቆያችሁ።

አማርኛ ስትጽፉ ግን አንድ ነገር ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፤ «ሰላም» ያላችሁት ገጹ ላይ የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ኮዳችሁ አልተበላሸም። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ብሮውዘሩ ግን ፋይሉ በምን እንደተጻፈ ካልተነገረው ይገምታል፣ ይሳሳታልም። በኤችቲኤምኤሉ ሄድ (head) ክፍል ውስጥ ቻርሴቱ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚናገር ሜታ ታግ አስገቡ፤ ፋይሉንም በዩቲኤፍ-8 ሴቭ አድርጉ።

ኢንተርኔት ስታገኙ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነፃ ያስተምራል፤ ሰርተፊኬትም ይሰጣል። በእኔ እምነት ግን ቀጣሪ ከወረቀቱ በፊት የሚያየው የሠራችሁትን ነው። ለሰፈራችሁ ዳቦ ቤት የዋጋ ዝርዝር የያዘ አንድ ገጽ ሥሩና ፋይሉን በኢንቦክስ ላኩልኝ፤ አይቼ አስተያየት እሰጣችኋለሁ።