ርዕሰ ብሔሩን ማን ይመርጣቸዋል?

አንኮበርም ሆነ ደብረ ብርሃን፣ በጠቅላላ ምርጫ ቀን ለመራጩ የሚሰጠው ሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት። የፕሬዚዳንት ወረቀት የለም። ይሁን እንጂ በአንደኛው የተመረጠው እንደራሴ አራት ኪሎ ይገባል፤ በሁለተኛው የተመረጡት ደግሞ ባሕር ዳር ተሰብስበው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ወኪል ይልካሉ። ርዕሰ ብሔሩን የሚመርጡት እነዚህ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው ነው።

አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን ጉዳዩ አጭር ነበር፤ በ1840 ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲያርፉ ልጃቸው ኃይለ መለኮት ተተኩ። ምርጫ በተወካይ የመጣው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ ሕዝቡ ራሱ እስኪመርጥ ተብሎ የሕግ መምሪያ አባላትን መኳንንቱና ሹማምንቱ መረጡለት። በ1979 ደግሞ ብሔራዊ ሸንጎ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ፕሬዚዳንት አደረገ፤ ያኔ ግን ሥልጣኑ ሁሉ በፕሬዚዳንቱ እጅ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ በምክር ቤት መመረጡን እንዳለ ጠብቆ ሥልጣኑን ግን ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አዞረው። በአንቀጽ 70 መሠረት ዕጩውን የሚያቀርበው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የጋራው ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያጸድቃል። ዘመኑ ስድስት ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው። ተመራጩ የምክር ቤት አባል ከሆነ ወንበሩን ይለቃል።

እኔን የሚገርመኝ ሚዛኑ ነው። አገሪቱን የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትር ይህን ያህል ድምፅ አያስፈልገውም፤ በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ ወንበር የያዘ ፓርቲ ወይም ጥምረት ይበቃዋል። ፕሬዚዳንቱ ግን ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙ እንኳ ሕጉ በሥራ ላይ ይውላል። ሁለት ሦስተኛው የታሰበው ሁሉንም የሚያስማማ ሰው እንዲገኝ ይመስላል። ነገር ግን በ2002 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ስለወሰዱ፣ በ2006 ዶ/ር ሙላቱ ተሾመ ሲመረጡ ሌላ ወገን ማስማማት አላስፈለገም።

ከዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ ጀምሮ አምስት ሰዎች በዚህ በር ገብተዋል። ጥቅምት 15 ቀን 2011 የተመረጡት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። መስከረም 27 ቀን 2017 የተኳቸው አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ ናቸው። የተወካዮች ምክር ቤት ዘመን አምስት ዓመት ስለሆነ፣ የመረጧቸው እንደራሴዎች ጊዜ ከእሳቸው ቀድሞ ያበቃል።