የጀልባ ኪት ከመግዛትዎ በፊት፦ ዋጋውንም ማጣበቂያውንም ይጠይቁ

ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ «በእጄ ጀልባ ልሠራ ነው፤ ዕቃውን ግዙልኝ» ቢልዎ አይደንግጡ። ትንሽ የእንጨት ጀልባ አናጺ ያልሆነ ሰውም በትዕግሥት ሊሠራው ይችላል። እኛ በማኅበረሰብ ጤና የምንሠራ ነርሶች ግን ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሁለት ነገር እንዲጠይቁ እንመክራለን፦ ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ማጣበቂያውስ ምንድን ነው?

አሠራሩ

ፕላን የገዛ ሰው የሚደርሰው ወረቀት ብቻ ነው። እንጨቱን ራሱ ገዝቶ፣ ለክቶ ይቆርጣል። ኪት የገዛ ግን በልኩ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ፣ እዚህ ዲክት የምንለው፣ ይደርሰዋል። በተለመደው ቀላል ዘዴ የእንጨቶቹ ዳር ይበሳና በመዳብ ሽቦ እየተሰፋ ይገጣጠማል። ከዚያ መጋጠሚያው በማጣበቂያና በፋይበር ግላስ ጥብጣብ ይታሸጋል። በጣና ዳር ያደጉ አባቶች ከደንገል የሚታሰረውን ታንኳ ያስታውሳሉ፤ ይህኛውም የሚጀምረው በምስማር ሳይሆን በስፌት ነው። ዘዴውን በሰፊው ያስተዋወቀው በ1963 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው ሚረር የተባለ ጀልባ ነው። ርዝመቱ 3.3 ሜትር ሲሆን ከ70,000 በላይ ተሠርቷል፤ ብዙዎቹን የሠሩት ተራ ቤተሰቦች ናቸው።

ወጪው

የኪቱ ዋጋ የጀልባው ዋጋ አይደለም። ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ መቅዘፊያ፣ ሸራና በውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ብዙ ጊዜ አብረው አይመጡም። ማጣበቂያውም አንዳንዴ ለብቻው ይሸጣል። ከውጭ አገር ሲመጣ ደግሞ ማጓጓዣና ግብር ይጨመራል። ስለዚህ ምን እንዳለበትና ምን እንደሌለበት ከሻጩ በጽሑፍ ይቀበሉ።

እዚህ አገር ካለ ሻጭ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዙት ዕቃ ከደረሰዎ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይችላሉ። 65 ዓመት የሞላቸው፣ አካል ጉዳተኞች እና ከገቡ 5 ዓመት ያልሞላቸው አዲስ ገቢዎች ከሻጩ ጋር ተነጋግረው የገዙ ከሆነ እስከ 4 ወር ጊዜ አላቸው። ለእርስዎ ተብሎ በልዩ ትእዛዝ የተሠራ ዕቃ ግን በዚህ መብት ውስጥ አይገባም።

ማጣበቂያው

ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ኤፖክሲ ነው። ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ ይጠነክራል። ሳይደርቅ ቆዳን ደጋግሞ ከነካ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። አለርጂው በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። አንዴ ከያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ንክኪም ይበቃዋል።

ነገሩ ከጀልባው ያለፈ ነው። ኤፖክሲ በግንባታ፣ በወለል ሥራ፣ በቀለም፣ በኤሌክትሮኒክስና በአውሮፕላን ሥራም አለ። በጨዋታ የጀመረ ወጣት ነገ እንጀራ የሚበላበትን ሥራ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ፦

• የናይትሪል ጓንትና ረጅም እጅጌ ይልበስ፤ ጓንቱ ሲቆሽሽ ይቀይር።
• ቆዳውን ከነካው በሳሙናና በውኃ ይታጠብ። በአሴቶን ወይም በቀለም ማቅጠኛ አይጥረግ፤ እነዚህ ቆዳውን ይጎዳሉ፣ ማጣበቂያውንም ወደ ውስጥ ያስገባሉ።
• በመመሪያው ልክ ብቻ ይቀላቅል። «ቶሎ ይድረቅ» ብሎ ማጠንከሪያ አይጨምር። ብዙ ቀላቅሎ በጠባብ ዕቃ ካቆየው ይግላል፣ ሊጨስም ይችላል።
• በደንብ ሳይደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍግ። የእንጨት አቧራም የአፍንጫ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ስለሆነ ኤፍ.ኤፍ.ፒ 2 ማስክ ያድርግ።
• አየር በሚገባበት ቦታ፣ ከትንንሽ ልጆች ርቆ ይሥራ።

ሕመም ከታየ

ጣቶቹ፣ ክንዱ ወይም የዓይኑ ቆብ ካሳከከው፣ ከቀላ ወይም ካበጠ «ሳሙና ነው» ብላችሁ በቅባት አትለፉት። ሥራውን ያቁምና ወደ ኩፓት ሆሊም ይሂድ። የማጣበቂያውን ቆርቆሮ ፎቶ ይያዝና በምን ሲሠራ እንደቆየ ለሐኪሙ ይንገር፤ ካልተናገረ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ዓይኑ ውስጥ ከገባ በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብና ወደ ሐኪም ይሂድ። መተንፈስ ካቃተው 101 ይደውሉ።

በእጅ መሥራት ለወጣት መልካም ነገር ነው፤ መለካትንና መታገሥን ያስተምራል። ኪቱን ሲገዙለት ጓንቱን፣ ማስኩንና ተንሳፋፊ ሰደርያውን አብረው ይግዙለት።